ወይን የሌለው ወይና ደጋ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በባቲ ከተማ የተደረገ ንግግር)



በባቲ ተሰብስበን ሳለ ስለ ወይን እንደምናገር ስትሰሙ፣ «ባቲንና ወይንን ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳልቀራችሁ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባቲ የምትታወቀው በሰኞ ገበያዋ ነው፤ አፋሩ ከቆላ ግመሉን እየነዳ፣ ገበሬውም ከደጋ እህሉን ጭኖ የሚገናኙባት፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው አብሮ የሚውልባት፣ ስሟም ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ለአንዱ መጠሪያ የሆነ ከተማ ናት። በወይን ግን ተጠርታ አታውቅም።

ሆኖም የቆምንበትን መሬት እናስተውል። ባቲ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህም ወይና ደጋ ብለን ከምንጠራው የአየር ጠባይ የታችኛው ጠርዝ ነው፤ ከዚህ በታች ቆላው ይጀምራል። ወይና ደጋ የሚለውን ስም ዕለት ዕለት በሪፖርታችን እንጽፈዋለን፤ ነገር ግን ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አባቶቻችን ሰፊውን የአገራችንን ክፍል በጤፍ ወይም በማሽላ ሳይሆን በወይን ስም ጠሩት። ዛሬ ስሙ አለ፤ ተክሉ ግን ከገበሬው ጓሮ የለም። እኔም የምጠይቀው ይህ ለምን ሆነ ብዬ ነው።

ወይን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያሉት ይፋግና ደሪጣ በወይን ተክላቸው የታወቁ ስፍራዎች እንደ ነበሩ የጥንት ተጓዦች ጽፈዋል። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1520 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ መሆኑን መዝግቧል። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ጸንቶ ይኖራል። እንግዲህ ዘቢቡን የማዘጋጀት ዕውቀት አልጠፋም፤ የጠፋው ሐረጉን የማሳደግ ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ለጥቂት ጊዜ ከአገራችን ልውጣ። የሚወስደኝም ይኸው ዘቢብ የሚለው ቃል ነው። በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል ፓንተሌሪያ የምትባል ትንሽ የሜዲትራንያን ደሴት አለች። የደሴቲቱ ሰዎች ዋናውን የወይን ዝርያቸውን «ዚቢቦ» ይሉታል፤ ቃሉም እንደ እኛው ዘቢብ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው። ፓንተሌሪያ ነፋስ የበዛባት፣ ዝናብ ያነሰባት፣ ድንጋያማ ምድር ናት። ገበሬዎቿ ሐረጉን በዳስ ላይ አያወጡትም፤ ጐድጓድ ቆፍረው በውስጡ ይተክሉታል፤ በየዓመቱ እየከረከሙ ከመሬት እምብዛም የማይርቅ ቍጥቋጦ ያደርጉታል። ጐድጓዱ ከነፋስ ይከላከልለታል፤ እርጥበትም ያጠራቅምለታል። ዙሪያውን ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብ ይጠብቀዋል። ፍሬውንም ለቅመው በፀሐይ ያደርቁታል። በቆጵሮስ ደሴትም ኮማንዳሪያ የተባለው ዕድሜ ጠገብ ወይን የሚሠራው እንዲሁ በፀሐይ ከደረቀ ፍሬ ነው።

ዩኔስኮ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የፓንተሌሪያን አተካከል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ልብ በሉ፤ የተመዘገበው መጠጡ አይደለም፤ ፍሬውም አይደለም። የተመዘገበው አባት ለልጁ በቃልና በተግባር የሚያስተላልፈው አሠራር፣ ማለትም የገበሬው እጅ ዕውቀት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በወጣትነቴ፣ ከከሚሴ ብዙም በማይርቅ በቦርከና ሸለቆ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ለገበሬዎች የወይን ችግኝ እንዳድል ታዝዤ ነበር። ችግኙን ቈጥሬ አደልኩ፤ ቍጥሩን በሪፖርት አሰፈርኩ፤ ምስጋናም ተቀበልኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሼ ባየሁ ጊዜ ሐረጉ አልደረቀም፤ እንዲያውም አጥሩን አልፎ ዋርካ ላይ ወጥቷል። ቅጠሉ ለፍየል ጠግቦ ተርፏል፤ ፍሬ ግን አልነበረውም። የቤቱ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ በትሕትና ቡና አስቀረቡልኝ፤ ከዚያም «ልጄ፣ ሐረጉን ሰጠኸን፤ ማጭዱን ግን ይዘኸው ሄድክ» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ የሙያ ትምህርት ከማንም አልሰማሁም።

ሽማግሌው የተናገሩት በሳይንስም ትክክል ነው። ብርድ ባለባቸው አገሮች ወይን በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ሙቀት ሲመለስ ይነቃል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ሐረጉ ያለ ዕረፍት ያድጋል። ስለዚህ ብርዱን የሚተካለት መቀስ ነው። ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ወቅት ካደገው ቅርንጫፍ በሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ላይ በመሆኑ፣ ሳይከረከም የተተወ ሐረግ ጉልበቱን በግንድና በቅጠል ይጨርሳል። የመከርከሚያው ቀንም የመብሰያውን ቀን ይወስናል፤ ከተከረከመ በኋላ እንደ ዝርያው አራት ወይም አምስት ወር ገደማ ቈይቶ ይበስላል። ፍሬው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ላይ ከደረሰ ሻጋታና ብስባሴ ያጠፋዋል። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም መጨረሻ የተከረከመ ግን በመስኖ እየተረዳ በበጋው ይደርሳል።

ይህ ባዶ ተስፋ አይደለም። በምዕራብ ሸዋ ያለው የጉደር ስም በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ሲነበብ ኖሯል። በስምጥ ሸለቆም በዝዋይ አጠገብ 120 ሄክታር ያህል ወይን ተተክሎ፣ የመጀመሪያው ምርት በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ቀርቧል። ሆኖም እነዚህ የድርጅት እርሻዎች ናቸው፤ ዕውቀቱም ከአጥራቸው ውስጥ ይቀራል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ገበሬ ግን ይህን ትምህርት የሚያገኝበት መንገድ የለውም።

የባቲ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነውና፣ ጥመቃን ለማስፋፋት የመጣሁ እንዳይመስላችሁ እለምናለሁ። የወይን ፍሬ በመጽሐፍ ቅዱስም በቅዱስ ቁርኣንም ከፈጣሪ በረከቶች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። እሸቱ ይበላል፤ ደርቆም ዘቢብ ይሆናል። ዘቢብ ሳይበላሽ የሚቈይ፣ ለመጫን የሚቀል፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት የተከበረ ምግብ ነው። ለማድረቅ ብርቱ ፀሐይ ይሻል፤ ለመሸጥ ገበያና መንገድ ይሻል። ሦስቱም በባቲ አሉ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ በዚችው ከተማ መካከል ያልፋል። የሚጐድለው ውሃና ሙያ ነው። ውሃ በሌለበት ቦታ ወይን ይተከል አልልም፤ ውሃ ባለበት ግን ሰበብ የለንም።

ስለሆነም ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ችግኝ ብቻ ቈጥረን ሪፖርት ማድረግ ይቅር። ለአንድ መንደር ከመቶ ሐረግ ይልቅ አሥር ሐረግና መከርከም የሚችሉ ሁለት ሰዎች ይሰጡት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚያው መንደር የተመረጡ ይሁኑ፤ ቢያንስ ሦስት የመከርከሚያ ወቅት አብረናቸው እንቁም። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ልጅም ከአባቱ ይማራል። የፓንተሌሪያ ገበሬ ዕውቀቱን የያዘው በዚህ መንገድ ነው፤ የኮንሶ ገበሬም በ2011 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የእርከን ምድሩን ያቈየው እንዲሁ ትውልድ ለትውልድ እያስተማረ ነው።

እኒያ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የሉም። ዕዳቸው ግን በእኔ ላይ አለ፤ በሙያችንም ላይ አለ። ወደፊት በዚህ ወረዳ ችግኝ ይዞ የሚወርድ ባልደረባችን ሁሉ፣ ማጭዱንም አብሮ እንዲያስረክብ አደራ እላለሁ።