ማስተኛት ብቻ መርዳት አይደለም

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ። በስብሰባው ላልተገኙ አባሎቻችን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ኮሚቴው ወስኗል።)



በዚህ የቡና ለቀማ ወቅት ሥራችሁን ትታችሁ፣ ጭቃውንም ታግሣችሁ ጥሪያችንን ስላከበራችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን።

የዛሬው ንግግራችን ካንሰር ይዟቸው የሚታከሙ፣ ወይም ታክመው ወደ ሰፈራችን የተመለሱ ሰዎች ስለሚያደርጉት የአካል እንቅስቃሴ ነው። ርእሱን ስንናገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። «ደግሞ ታማሚ ምን ስፖርት ይሠራል?» ማለታችሁ ነው። አንፈርድባችሁም። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደናንተው ነበር የምናስበው። ሐሳባችንን ያስለወጠንን ነገር ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ጥፋቱ የራሳችን የኮሚቴው ነውና።

ጥፋታችን

አንዲት እናታችን የጡት ካንሰር ይዟቸው ሩቅ አገር ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ መድኃኒቱንም በደም ሥር ወሰዱ። ስማቸውን አንጠራም። ታሪኩን እንድንናገር ግን ራሳቸው ፈቅደውልናል። ወደ ሰፈር በተመለሱ ጊዜ እኛ ምን አደረግን? ተራ አወጣን። ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ጎደሬ የሚቀቅል፣ ቤት የሚጠርግ መደብን። ከመደባቸው ሊነሡ ሲሉ «ተዉ፣ እረፉ፣ እኛ አለን አይደል ወይ?» እያልን አስተኛናቸው። ቡና መቁላት እንኳ ከለከልናቸው። በዓመታዊ ሪፖርታችን ላይም «አጥጋቢ ሥራ» ብለን ጻፍነው።

አራት ወር ሳይሞላ እኚህ እናት ከበርጩማ ለመነሣት ሰው የሚፈልጉ ሆኑ። ጓሮ ደርሰው ሲመለሱ ያለከልካሉ። እህል አስጠላቸው፤ ሌሊቱን ዐይናቸው ሳይከደን ያድራል። እኛም እርስ በርሳችን «በሽታው አገርሽቶ ነው» ተባባልን። ከመካከላችን ስለ ድንኳን በሹክሹክታ መነጋገር የጀመረም ነበር፤ ዛሬ ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

ለክትትል ሲሄዱ ሐኪሙ መረመራቸው። በሽታው አልተነሣም። «ቀኑን እንዴት ነው የሚውሉት?» ሲላቸው፣ «እተኛለሁ፤ ሰፈሩ መነሣት ከልክሎኛል» አሉት። ተመልሰው የነገሩንን ቃል አንረሳውም፤ «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክማችሁልኛል። ግን እኔ እኮ ገና አልሞትኩም። የቡና ምጣዴን መልሱልኝ።»

ይህ ድካም እንቅልፍ የሚያስለቅቀው አይደለም

በሸኮም ሆነ በሚዛን፣ በቴፒም ቢሆን የምንኖር ሰዎች ድካምን የምናውቀው በማሳ ነው። ሲቆፍር የዋለ ሰው ተኝቶ ሲነሣ ይበረታል። የካንሰርና የሕክምናው ድካም ግን ሌላ ነው። ሰውየው አሥር ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ይነሣል። ተኝቶ በዋለ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ልቡና ሳንባው ሥራ ይፈታሉ፤ ሆዱ ይደርቃል፤ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ በእግሩ ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱ አደጋም ይጨምራል። ስለዚህ ነገ ትንሹ ሥራ ይከብደዋል፤ ስለከበደውም ይበልጥ ይተኛል። እንዲህ እያለ ይዞራል። ይህን አዙሪት እንደ እንቅስቃሴ የሚሰብረው ነገር ጥቂት ነው።

በፊት ሐኪሞችም ቢሆኑ ዕረፍትን ያዙ ነበር። ኋላ ግን ጥናቱ ሲበዛ ምክሩ ተለወጠ። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የጠራቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ካንሰር ያለበት ሰው ከመቀመጥ እንዲቆጠብ መከሩ። በ2019 ደግሞ ልኩን ጭምር አወጡት፤ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ ልብን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት 2 ጊዜ ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር። ይህም ድካምን፣ ጭንቀትንና ሐዘንን እንደሚያቀል፣ የዕለት ኑሮን የመቻል ዐቅምንም እንደሚጨምር ገለጹ።

«ጡቷን የተቀደደች ሴት በዚያ በኩል ዕቃ ካነሣች ክንዷ ያብጣል» ሲባል ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ተከታትሏል። ገሚሶቹ በአሠልጣኝ እየታገዙ፣ ከቀላሉ ጀምረው በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት አነሡ። ከዓመት በኋላ ሲታይ እብጠቱ አልባሰባቸውም፤ እንዲያውም ሕመሙ የሚነሣባቸው ካላነሡት ባነሰ ጊዜ ነበር። ልብ በሉ፤ ዐሥራ አምስት ኪሎ በአንድ ቀን አላነሡም። ቀስ በቀስ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ወሬ እ.ኤ.አ. በ2025 የተሰማው ነው። በብዛት ከካናዳና ከአውስትራልያ የሆኑ 889 ሰዎች የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዟቸው ቀዶ ሕክምናና መድኃኒቱን ጨርሰው ነበር። ለገሚሶቹ ስለ ጤና የሚያስተምር ጽሑፍ ተሰጣቸው። የቀሩት ጽሑፉም ተሰጣቸው፤ በዚያ ላይ ለሦስት ዓመት እንቅስቃሴ የሚያሠራና የሚከታተላቸው ሰው ተመደበላቸው። በስምንተኛው ዓመት በሕይወት የተገኙት፣ ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው ከመቶው 83፣ ሰው ከተመደበላቸው ደግሞ ከመቶው 90 ያህል ነበሩ። ይህ በአንድ ዓይነት ካንሰርና ሕክምናውን በጨረሱ ሰዎች ላይ የታየ ነው፤ ለሁሉም ካንሰር እንዲህ ነው አንልም። እንቅስቃሴ ሕክምናን ይተካል ማለትም ፈጽሞ አይደለም። ለኛ ማኅበር ግን ትልቅ ትምህርት አለው። ወረቀቱ ለሁሉም ደርሷል፤ ልዩነቱን ያመጣው አብሮ የሚሆን ሰው ነው። ወረቀት እኛም ሰሌዳው ላይ እንለጥፋለን። ሰው መሆን ግን የናንተ ፈንታ ነው።

በቤታችን እንዴት ይደረግ?

ለዚህ ጂምናዝየም አያስፈልግም።

1ኛ/ በትንሹ መጀመር። መጀመሪያ ሳምንት ከቤት እስከ አጥር በር፣ 5 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ሰውነቱ ሲለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጨመር። በመጥፎ ቀን ማሳነስ እንጂ ጨርሶ አለመተው።

2ኛ/ ልኩን በንግግር ማወቅ። እየሄዱ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ ልኩ ደርሷል። ማውራትም ካቃተ በዝቷልና ይቀነስ።

3ኛ/ ጉልበትን ማጠንከር። ከበርጩማ ላይ በእጅ ሳይደገፉ ተነሥቶ መቀመጥ፤ ከቻሉ እስከ 10 ጊዜ። ውኃ የተሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ በእጅ ይዞ ማንሣትና ማውረድ። ጡታቸውን ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እናቶች፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ግድግዳ ፊት ቆመው ጣቶቻቸውን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ ማስኬድ፤ ትከሻው እንዳይደርቅ ይረዳል።

4ኛ/ የቤት ሥራም እንቅስቃሴ ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ስፖርት የከተሜ ነው» የሚል አለ። ልክ ነው፤ ጤነኛ ሳለ ሥራው ይበቃው ነበር። ሲታመም ግን ሥራውን ቀምተነዋል። እንግዲህ በልክ እንመልስለት። ከደጅ ያለውን የቡና ዛፍ በትንሽ ቅርጫት ይልቀም፤ በማስጫው ላይ ቡናውን ያገላብጥ። ኬሻ መሸከም ግን ይቅር። አንድ ወንድማችን ሆዱን ተቀዶ በሁለተኛው ሳምንት «ደኅና ነኝ» ብሎ ከባድ ጭነት አነሣ፤ ቁስሉ ተከፍቶ ተመልሶ ሆስፒታል ገባ። አለመነሣትም ያለልክ መነሣትም ይጎዳሉ።

ጥንቃቄ

ከሁሉ በፊት ታማሚው የሚያክመውን ሐኪም ይጠይቅ። ካንሰሩ አጥንት የነካ፣ ልቡን የሚያመው፣ የደም ማነስ ያለበት ወይም በሆዱ ላይ የሰገራ ከረጢት ያለው ሰው ልዩ ምክር ያስፈልገዋል።

ከሚከተሉት አንዱ ሲኖር እንቅስቃሴው ይቁም፤ ወደ ሕክምናም ይሂድ፦ ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ የደረት ሕመም፣ ቁጭ ብሎም የትንፋሽ ማጠር፣ የማያቆም መድማት፣ ራስን መሳት፣ አዲስ የአጥንት ሕመም፣ የአንድ እግር በድንገት ማበጥ። በተለይ መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጊዜ ትኩሳት ከመጣ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ነው መሄድ። ነጭ የደም ሕዋሳቸው ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል፣ በነዚያ ቀኖች በገበያ መካከል ሳይሆን ሰው በማይበዛበት መንገድ ይሂዱ።

አንዳንዱ መድኃኒት እግርን ያደነዝዛል። በኛ አገር ዝናቡ የሚያባራው ለጥቂት ወር ነው፤ ጭቃው ያንሸራትታል። ስለዚህ ባዶ እግርና ነጠላ ጫማ አይሆንም። የተዘጋ ጫማ፣ ምርኩዝ፣ አጠገቡም አንድ ሰው ይኑር። ጨረር የተሰጠው ቆዳ ፀሐይ እንዳይነካው በልብስ ይሸፈን፤ ጉዞውም በማለዳ ይሁን።

ስለ መንገዱም አንድ ነገር እንበል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዘመን በአገራችን የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሚዛን ተፈሪ እስከዚያ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኋላ ጅማ ላይም መሰጠት መጀመሩ መንገዱን አሳጠረልን፤ ቢሆንም በቦንጋ በኩል ያለው የአውቶቡስ ጉዞ ገና ረጅም ነው። ታማሚ ስናሳፍር እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ እንፈልግለት። ተቀምጦ ሳለ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ። መኪናው ለምሳ ሲቆም ወርዶ ትንሽ ይራመድ። ሸኚው ይህን ያስታውሰው።

ምን እንድናደርግ ነው የምንጠይቀው?

እስካሁን ሕሙም ስንጠይቅ ምን እናደርጋለን? ሙዝና ማር ይዘን እንሄዳለን፤ ዙሪያውን እንቀመጣለን፤ «ተኛ፣ አትነሣ» እንላለን፤ ያለቀሰም አለ። ከንፈር መጠን እንወጣለን። ከእንግዲህ ግን ኮሚቴው እንዲህ እንዲሆን ሐሳብ ያቀርባል፦

ሀ/ ፈቃደኛ ለሆነ ታማሚ ሁለት ሁለት ሰው በተራ ይመደብለት። ሥራቸው በሳምንት ሦስት ማለዳ መጥተው «ተነሡ፣ እንሂድ» ብሎ አብሮ መራመድ ነው። ታማሚው «ዛሬ አልችልም» ካለ ግን አይጎትቱት፤ አብረውት ይቀመጡ።

ለ/ ከውኃው ቦኖ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ባለው መንገድ በሁለት ቦታ ማረፊያ አግዳሚ ይሠራ። እንጨቱን የሰጡን አባል አሉ፤ የቀረው ጉልበት ነው።

ሐ/ ከማኅበሩ ሣጥን አቅም ለሌላቸው ሕሙማን የተዘጋ ጫማ ይገዛ። ለቀብር የምናወጣውን ስናስብ ይህ ብዙ አይደለም።

መ/ የማንም ታማሚ ስም ሰሌዳ ላይ አይጻፍ፤ በየቡናውም አይወራ። «ያ ክፉ በሽታ» እያልን በመሸሸግ ብዙ ሰው ጊዜው አልፎበት ሐኪም ዘንድ ደርሷል። በሽታውን በስሙ እንጥራው፤ የሰውየውን ስም ግን እንጠብቅ።

ወገኖቻችን ሆይ፤ እኚያ እናታችን ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ጨርሰው ድነዋል ብለን አልተናገርንም፤ ክትትላቸው ገና አላለቀም። ነገር ግን በማለዳ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ሄደው፣ አንድ ጊዜ ብቻ አርፈው ይመለሳሉ። ምጣዳቸውም ተመልሶላቸዋል። ከዚህ ስብሰባ በኋላ የምትጠጡትን ቡና የቆሉት እሳቸው ናቸው። ከበርጩማቸው ሲነሡ እጃችሁን ለመዘርጋት አትቸኩሉ። እስኪ በመጀመሪያ ራሳቸው ይሞክሩት።

የተራው መዝገብ ከጸሐፊያችን ዘንድ ነው። ለመመዝገብ የምትፈልጉ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስማችሁን አስመዝግቡ።



የመረዳጃ ማኅበሩ ኮሚቴ