የማታ ቤታችን በር

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማታ ቤት እንድናገር መጋበዜን ሰምታችሁ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በአገራችን ሴት ልጅ «ቡና ቤት ከፈተች» ከተባለ የሚከተለውን ወሬ የማያውቅ የለም። ጠጁን የምትጥለው፣ ሒሳቡን የምትይዘው፣ ከዚያም ልጆቿን አስተምራ ለወግ ለማዕረግ የምታበቃው እሷ ሆና ሳለ ስሟ ዝቅ ተደርጎ ይነሣል። እናታችን፣ እህቴና እኔ ምግብ፣ ሙዚቃና ሥዕል ያለበትን ቤት ስንከፍት ከኪራዩ ቀድሞ የመጣብን ይኸው ወሬ ነው።

የቀደሙን አሉ። ከኢትዮጵያ የመጡ መንትያ እህቶች «ትዊንስ ጃዝ»ን ዩ ስትሪት ላይ ለ20 ዓመታት ያህል አስተዳድረዋል። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ቢዘጋም፣ መድረኩ ላይ የአሜሪካ ጃዝ፣ ጠረጴዛው ላይ የእኛ እንጀራ አብረው እንደሚኖሩ አሳይተውናል።

ዩ ስትሪት ግን ባዶ ሆኖ አልጠበቀንም። ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ «ብላክ ብሮድዌይ» ይባል የነበረ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው ሁከት ተጎዳ፤ ኋላም የሜትሮ ቁፋሮ ሱቆቹን አዳከመ። የእኛ ሰዎች ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ መጥተን ሠራንበት። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢው «ትንሿ ኢትዮጵያ» እንዲባል ጥያቄ ሲቀርብ ነባሮቹ ተቃወሙ። ብዙዎቻችን ቅር ብሎን ነበር፤ እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ልጆቻቸው በኪራይ ንረት ሲወጡ እያዩ ስማቸውም ይወሰድ? ስለዚህ በቤታችን በወር ሁለት ሐሙስ የጎጎ ሙዚቃ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የፊት ወንበር ይይዛሉ፤ ለእነሱ የመግቢያ ዋጋ የለም።

ስለ ፈቃዱ ባጭሩ ልበል። መጠጥ ለመሸጥ አንድ፣ ቀጥታ ሙዚቃ ለማሰማት ሌላ ፈቃድ አለ። ከሰፈሩ ተመራጭ አማካሪ ኮሚሽን ጋር ስለ ድምፅ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ መዝጊያ ሰዓት የምትፈራረሙት ውል ደግሞ እንደ ሕግ ይጸናል፤ ቃል በቃል አንብቡት። እንደ አስካፕና ቢኤምአይ ላሉ የሙዚቃ መብት ድርጅቶችም ይከፈላል። በሬስቶራንት ፈቃድ የሚሠራ ቤት ከምግብ የሚያገኘው ገቢ ከተወሰነ መጠን ማነስ የለበትም። ጥሬ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሙዚቀኛውን የሚከፍለው ሽሮው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እሑድ ማታ አዝማሪ አለን። ሥርዓቱን ታውቃላችሁ፤ እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በመሰንቆው ያዜመዋል፣ ሽልማት ይከተላል። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ በዚያች «ተቀበል» ውስጥ መርዝ ይገባ ጀመር። አንዱ የአንዱን ወገን የሚሰድብ ስንኝ ያቀብላል፣ ገንዘቡም ወፍራም ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ትግሬውም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ኤርትራዊውም ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ከቤተሰቡ ወሬ ከሰማ ወራት አልፎታል።

አንዳንዶች «የእነ እገሌን ቋንቋ ዘፈን አቁሙ» አሉን። እናታችን እምቢ አለች። በየትኛውም ቋንቋ ይዘፈናል፤ ሕዝብን የሚሰድብ ግጥም ግን አዝማሪው አይቀበልም። ባለመቀበሉ የሚያጣውን ሽልማት ቤቱ ይተካለታል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሌለ የቀረው ባዶ ቃል ነው፤ ኪራይ ያለበትን ሰው በባዶ እጁ ጨዋ ሁን ማለት አይቻልም። ደንበኛ አጥተናል፤ ለአራት ወራት ያህል እሑድ ማታ ከገቢያችን እየጨመርን ነው የሠራነው። ከሄዱት ጥቂቶቹ ተመልሰዋል፣ ሌሎቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ሁለተኛው ደንብ ስለ ዘፋኞቻችን ነው። ብር ግንባር ላይ መለጠፍ ባህል ነው ይባላል። እጁ ግንባር ላይ ብቻ እንደማይቀር ግን መድረክ ላይ የቆመች ሴት ታውቃለች። ስለዚህ በመድረኩ ጫፍ ሙዳይ አስቀመጥን፤ ሽልማት እዚያ ይገባል። አንድ ጋሼ «ባህል አጠፋችሁ» ብለው ተቆጡ። እናታችንም «ጋሼ፣ ሙዳዩም እኮ ባህል ነው» አለቻቸው። ሳቁና ሃያ ዶላር ጣሉበት።

ብቻዋን የምትመጣ ሴት ከበሩ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት ትቀመጣለች፤ ካልጠየቀች ማንም መጠጥ አይልክላትም። ስንዘጋም የመጨረሻዋ አስተናጋጅ መኪና ውስጥ መግባቷን ሳናይ መብራት አናጠፋም። ለማይጠጡ እንግዶች፣ ለሙስሊም እህቶቻችንም፣ ብርዝና የሄል ሻይ በዝርዝሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። በጾም ቀን በያይነቱ እስከ መዝጊያ ሰዓት ይቀርባል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰኞ ቤታችን ዝግ ስለሆነ አዳራሹን ለማኅበሩ ያለ ኪራይ እንሰጣለን። መድረክ ላይ ወጥተው የማያውቁ አባላት ግጥም፣ ክራርና ሥዕል እንዲሞክሩበት አስበናል። የሚጎድለን የድምፅ ባለሙያው የምሽት ክፍያና ለእናቶች ልጅ የሚጠብቅ ሰው ነው። መመዝገቢያው ደብተር ከቡናው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ እስካሁን ሰባት ስም ሰፍሮበታል።