በቤት ስለሚሠራ አይሮፕላንና ስለ እጅ ሥራ ክብር
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰው በገዛ ቤቱ አይሮፕላን ሊሠራ ይችላል ቢባል ከመካከላችን ብዙዎች ተረት ይመስላቸው ይሆናል። ነገር ግን አይሮፕላን ከጥንቱም የተወለደው በትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። በ1896 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተር የበረሩት ሁለቱ የራይት ወንድማማቾች ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። የአይሮፕላናቸው ክንፍ እንጨትና የጥጥ ጨርቅ ነበረ። የመጀመሪያው በረራ የቆየው 12 ሴኮንድ፣ ርቀቱም 36 ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

ዛሬ በዚያው አገር የአይሮፕላን ክፍሎችን አዘጋጅተው በሣጥን አሽገው የሚሸጡ ፋብሪካዎች አሉ። ገዢው በመኪና ማደሪያው ውስጥ ቁራጩን ከቁራጩ ጋር እያያያዘ፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየደከመ ይገጣጥመዋል። ቫንስ የተባለው ፋብሪካ ብቻ ካዘጋጃቸው መካከል ተገጣጥመው የበረሩት ከ10,000 በላይ ናቸው። በሕጉ መሠረት የሥራውን ከግማሽ የሚበልጠውን ክፍል ራሳቸው ግለሰቦች ለመማር ወይም ለመዝናናት ብለው ሊሠሩት ይገባል። ሥራው ሲያልቅም አይሮፕላኑ ሳይመረመር አይበርም።

ምርመራው ስለምን ያስፈልጋል? ወደ ቡሬ ገበያ እህል የሚወስድ ገበሬ ጭነቱ እንዳያጋድል የአህያውን ሁለት ጎን ያስተካክላል። በአይሮፕላንም ክብደቱ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ቢያደላ አብራሪው ሊቆጣጠረው ይሳነዋል። አህያው ቢያጋድል ጭነቱ ይወድቃል፤ አይሮፕላኑ ቢያጋድል ግን የሰው ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ ድፍረት ያለ ልክ ዋጋ የለውም።

በእኛም አገር ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በአዲስ አበባ የሠሩት አይሮፕላን በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተብሎ ነበር። ጣሊያኖች ማርከው ወሰዱት፤ ከብዙ ዘመን በኋላም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለአገሩ ተመለሰ። በቅርብ ዘመንም አቶ አስመላሽ ዘፈሩ የተባሉ የጤና ባለሙያ፣ ያገለገለ የመኪና ሞተር ገዝተው በ570 ቀን አንድ አይሮፕላን ሠሩ። በ2007 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ያደረጉት ሙከራ አልተሳካም፤ እርሳቸው ግን ሥራውን አልተዉትም።

እንግዲህ ወላጆቼ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በእኛ በሊበን ማረሻችንን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ፣ ልብሳችንን የሚሸምንልንን ሸማኔ በስድብ ስም የምንጠራ ብዙዎች ነን። ልጁም ከእኛ ልጅ ጋር እንዳይጋባ እንከለክላለን። አይሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ግን ቀና ብለን እናደንቃለን። ያ አይሮፕላን ከብረት አቅላጭ፣ ከእንጨት ጠራቢና ከጨርቅ ሠሪ እጅ የወጣ አይደለምን? እጁን እየናቅን የእጁን ሥራ ብናደንቅ ምን ይረባናል?

ጓደኞቼ ሆይ፣ በሚመጣው ክረምት ነገ ተነሥተን አይሮፕላን እንሥራ አልላችሁም። ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሄደን ወናፉን እየነፋን ብረት እንዴት እንደሚግል፣ እንዴትም እንደሚለካ እንማር። በክፍል ውስጥ የተማርነውን ሒሳብ እርሱ በእጁ ከሚያውቀው ጋር ብናጋባ፣ ከዚህ አገር ምን ሊወጣ እንደሚችል ማን ያውቃል?