ዕርቅና ዋሱ
(በአሊዩ አምባ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ስለ እህልና ስለ ብርድ ልብስ እንድናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ድርድር ልነግራችሁ ነው። ነገሩ ለአሊዩ አምባ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ እዚህ ገበያ የሚደርሰው፣ በየአገሩ የሚያሳልፈው ዋስ ሲኖረው ነበር። ዋስ ያጣ ነጋዴ ዕቃውን መንገድ ላይ ያስቀር ነበር።

አሁን ወደ ሱዳን ልውሰዳችሁ። በሰሜንና በደቡብ መካከል በ1947 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት 17 ዓመት ያህል ፈጀ። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሁለቱን ወገኖች አነጋገሩ። መሸምገል ቻሉ፤ ዋስ መሆን ግን መንግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው። ስለዚህ ንግግሩ አዲስ አበባ ላይ ሆነ። ላይቤሪያዊው ቄስ በርጀስ ካር መሩት። የካርቱምን ልዑካን የመሩት አቤል አሊየር ራሳቸው የደቡብ ሰው ነበሩ።

ብርቱው ጉዳይ ጦሩ ነበር። ደቡቦቹ መሣሪያቸውን ካወረዱ በኋላ ማን እንደሚጠብቃቸው ጠየቁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመካከል ገቡ፤ በደቡብ ከሚሰፍረው 12,000 ጦር 6,000ው የደቡብ ተወላጅ እንዲሆን ስምምነት ተደረሰ። በየካቲት 1964 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ስደተኞችም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ንጉሡ ይህን ያደረጉት ለጽድቅ ብቻ ነው አልልም። ሱዳን የኤርትራን ታጣቂዎች፣ ኢትዮጵያም የደቡብ ሱዳንን ታጣቂዎች ታስጠጋ ነበር፤ ሁለቱም ይህ እንዲቀር ፈልገዋል። እኔ በዚህ አልከፋም። የራሱ ጉዳይ ያለበት ዋስ ቶሎ አይሰለችም።

ነገር ግን ንጉሡ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነትም ሻከረ። በ1975 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ደቡቡን ለሦስት ሲከፍሉት፣ ስምምነቱን አክብሩ ብሎ የሚይዛቸው አልተገኘም። ጦርነቱ ተመለሰ፤ ሕዝቡም ጋምቤላ ገብቶ የኢታንግን ሰፈር ሞላው።

ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ነጻ ወጣች፤ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ ልጆቿ እርስ በርሳቸው ተዋጉ። ኢጋድ በአምባሳደር ስዩም መስፍን ሰብሳቢነት እንደገና አዲስ አበባ ላይ አደራደራቸው። በነሐሴ 2007 ዓ.ም. የተፈረመው ዓመት ሳይሞላው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጁባ ላይ በጥይት ፈረሰ። መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሌላ ተፈረመ።

ጋምቤላ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጅ ሆኖ ኢታንግ የገባ ሰው ዛሬ ኩሌ ሰፈር ቢገኝ አያት ሆኗል። ወደ ቤቴ መቼ እመለሳለሁ ሲላችሁ፣ ስምምነት ተፈርሟል ብላችሁ አትለፉት። ስምምነትማ ከእናንተ በፊት ያውቃል። እርሱ የሚጠይቀው ዋሱ ማን እንደሆነ ነው፤ ይህን ጥያቄውን በየወሩ ሪፖርታችሁ ላይ ጻፉልን።