አንድ አድራሻ፥ ብዙ ተማሪዎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የንግግራችን አርእስት በኮምፒዩተር ክፍላችን ስላለው የኔትወርክ አድራሻ አለዋወጥ ነው። አርእስቱ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ይህን ባለማወቃችን በአንድ ጓደኛችን ላይ በደል ስለ ሠራን፥ ነገሩን ከመሠረቱ ልንገልጽላችሁ ወደድን። የምንናገረውም በእርሱ ፈቃድ ነው።

በዚህ ዓመት አንድ ቀን፥ ለፈተና የምናጠናበት አንድ ድረ ገጽ ለመላው ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ከ2 ቀን በኋላ የመጣው መልእክት፥ ከእኛ አድራሻ የሌላ ሰው የይለፍ ቃል ለመስበር ብዙ ጊዜ እንደ ተሞከረ ይናገር ነበር። ያደረገው ማን እንደ ሆነ ግን አልገለጸም። እኛም አንዳች ሳንመረምር፥ በኮምፒዩተር ዕውቀቱ ከሁላችን በሚበልጠው ጓደኛችን ላይ «ከእርሱ በቀር ማን ይችላል?» ብለን ጣታችንን ቀሰርን። ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን ተቀመጠ፤ ምሳውንም ብቻውን በላ።

መምህራችን ይህን ባዩ ጊዜ አልተቆጡንም። ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ወስደው፥ በእኛና በኢንተርኔት መካከል የቆመውን የሊኑክስ ኮምፒዩተር ከፍተው መዝገቡን አሳዩን። ያስተማሩንም እንዲህ ነው።

ወላጆቻችን እንደምታውቁት፥ የትምህርት ቤታችን የፖስታ ሣጥን ቁጥር አንድ ነው። ደብዳቤው የርእሰ መምህሩም ይሁን የተማሪ በዚያው ሣጥን ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በላዩ በተጻፈው ስም ለባለቤቱ ይታደላል። የኮምፒዩተር ክፍላችንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት በ32 ቢት የተሠራ በመሆኑ፥ ከ4,294,967,296 የሚበልጥ አድራሻ ሊኖረው አይችልም። ይህ እንደማይበቃ ስለ ታወቀ፥ በ1994 ኤግቫንግና ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ብዙ ኮምፒዩተሮች በጥቂት የውጭ አድራሻ የሚገለገሉበትን ዘዴ ጽፈው አቀረቡ። ስለዚህ በ192.168 የሚጀምረው የውስጥ አድራሻ በእኛም ቤት በሌላውም ቤት ይገኛል፤ በውጭው ኢንተርኔት ግን አይታወቅም።

ታዲያ አዳዩ ማን ነው? የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ነው። በሊኑክስ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ክፍል ኔትፊልተር ይባላል፤ እርሱም በ2001 በወጣው በ2.4 እትም የገባ ነው። ከርነሉ በስም ፈንታ የሚጠቀምበት ፖርት የተባለውን ቁጥር ነው። ፖርት የሚዳሰስ ነገር አይደለም፤ ከ0 እስከ 65,535 የሚደርስ ቁጥር ብቻ ነው።

ከመካከላችን አንዱ፥ አድራሻው 192.168.1.25 ከሆነ ኮምፒዩተር፥ በ50,000 ፖርት መልእክት ላከ እንበል። ከርነሉ የውስጡን አድራሻ አንሥቶ የትምህርት ቤቱን አድራሻ ይጽፍበታል። የፖርቱን ቁጥር ከተቻለ እንዳለ ይተወዋል። ነገር ግን ሌላ ኮምፒዩተር በዚያው ቁጥር ከዚያው ሰርቨር ጋር እየተነጋገረ እንደ ሆነ፥ ሁለቱ እንዳይምታቱ ሌላ ነጻ ቁጥር ይሰጠዋል። የቀድሞውንና አዲሱን ጎን ለጎን ይመዘግባል። መልሱ በመጣ ጊዜ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል።

መዝገቡ በፊታችን ተከፍቶ ሳለ፥ በየመስመሩ ላይ የቀሩት ሰኮንዶች ሲቀንሱ ተመለከትን። ንግግሩ በደንብ ከተዘጋ በኋላ፥ በተለመደው አሠራር መስመሩ የሚቆየው 120 ሰኮንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይደመሰሳል። ከርነሉ መዝገብ የሚይዘው ለማድረስ እንጂ ለመክሰስ አይደለምና። መስመሩ የጠፋው በ2 ደቂቃ፥ ክሱ የደረሰን ግን በ2 ቀን ነበር!

በ2011 የወጣ አንድ የኢንተርኔት ምክር፥ ሰርቨሮች የእንግዳቸውን አድራሻ ብቻ ሳይሆን የመጣበትን ፖርትና ሰዓቱን እስከ ሰኮንዱ እንዲመዘግቡ ያሳስባል። ወደ እኛ የመጣው መልእክት ግን ፖርትም ሰዓትም አልነበረበትም፤ በእኛም በኩል የተቀመጠ የመዝገብ ቅጂ አልነበረም። ሁለቱ ግማሾች ካልተገናኙ እውነቱ አይገኝም። አድራሻው ብቻውን የሚመሰክረው «ከዚህ ቤት ወጣ» ብሎ ነው፤ «እገሌ አደረገው» ብሎ አይመሰክርም።

ጥፋተኛው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጓደኛችንን በመዝገብ ንጹሕ ነው ልናሰኘው አንችልም፤ ጥፋተኛ ለማለት ግን ከመጀመሪያውም አንዳች ማስረጃ አልነበረንም። የበደልነውም ብዙ ስለሚያውቅ ብቻ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ በችኮላ ያፈሰስነውን ለመልቀም ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም «አንዳችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም» አለን፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ይህ ቃል ከማናቸውም ቅጣት ይልቅ ከበደን።

ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት እንሄዳለን፤ ኮምፒዩተሮቹን ለእናንተ እንተዋለን። ከዚያ ክፍል የምታደርጉትን ሁሉ የውጭው ዓለም የሚያየው በአንድ አድራሻ ነውና፥ የአንዱ ስሕተት በሁሉም ላይ በር እንደሚዘጋ አትርሱ። በሩ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ፥ ጣታችሁን ከመቀሰራችሁ በፊት ፖርቱ ስንት ነበር? ሰዓቱስ? ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ጓደኛችሁን ጠይቁት።