ቤትና ጎረቤት በጀጎል



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ አሮጌ የከተማ ሰፈር ነው። ሰፈሩ በሐረር የሚገኘው ጀጎል ነው። «የከተማ ቤት ለእኛ ለገበሬዎች ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ግን የጀጎል ቤት የተሠራው እናንተ አሳምራችሁ ከምታውቁት ነገር ነው፤ ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት። ስለዚህ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ጀጎል በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ነው። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ከተሠራ ከ450 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዙሪያው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ጥንት አምስት በሮች ነበሩት። በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። የአካባቢው ገበሬ በእነዚህ በሮች እየገባ እህሉንና ማገዶውን ሲሸጥ ኖሯል። ማታ በሮቹ ይዘጉ ነበር። ጅብ ግን የራሱ መግቢያ አለው። ከግንቡ ሥር በተተወለት ቀዳዳ ሹልክ ብሎ ይገባና በየመንገዱ የተጣለውን አጥንት ለቃቅሞ ይወጣል።

ግንቡ ውስጥ ያለው መሬት 48 ሄክታር ነው። ከአንድ ጋሻ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚህች መሬት ላይ 82 መስጊዶች አሉ፤ ብዙ ሺህ ሰውም ይኖርባታል። ስለዚህ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። መንገዶቹም ጠባቦች ናቸው። በብዙው ቦታ የተጫነ አህያ ያልፋል እንጂ መኪና አያልፍም። ጥበቱ ክፉ ብቻ አይደለም፤ በፀሐይ ጊዜ ጥላ ይሰጣል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የሐረሪዎች ቤት ከመንገድ ሲያዩት ደረቅ ግድግዳ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰፊ ክፍል አለ። በክፍሉ ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ተሠርተዋል። እኛ መደብ የምንለውን እነሱ ነደባ ይሉታል። ቁጥራቸው አምስት ነው። ትልቁ ነደባ አለ፣ ትንሹ አለ፣ ለቤቱ ጌታ የሚሆን የአሚር ነደባም አለ። ሁሉም ደረጃውን ጠብቆ ይቀመጣል። መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ ሴቶች የሰፏቸው ሰፌዶችና ሳህኖች ይሰቀላሉ። ዕቃ ማስቀመጫ የሚሆኑ ጎድጓዳ ቦታዎችም በግድግዳው ውስጥ አሉ።

ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይምሰላችሁ። ሐረሪዎች አፎቻ የሚባል ማኅበር አላቸው። በእኛ ዘንድ እድር ወይም ቅሬ እንደምንለው ያለ ነው። የወንዶች አፎቻ አለ፤ የሴቶችም ለብቻው አለ። ለቅሶ ሲሆን፣ ሠርግ ሲሆን፣ አባላቱ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው የሚይዘው ያ ሰፊ ክፍልና ያ ነደባ ነው። ቤቱና ማኅበሩ ተያይዘው የቆሙ ናቸው ማለት ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን ተብሎ ታወጀ። ጀጎልም እንደ ሌሎች ከተሞች ነው፤ ብዙ ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። መጠለያ ያልነበረው ድሃ በትንሽ ኪራይ ቤት አገኘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ሲከፈል በመካከሉ ግድግዳ ይገባል፤ ነደባው ይፈርሳል። ለቀስተኛው የት ይቀመጥ? ደግሞ ጣራው ሲያፈስ ተከራዩ «ቤቱ የኔ አይደለም» ይላል። ቀበሌውም «ኪራዩ ለጥገና አይበቃም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዝናቡ ግን አይጠብቃቸውም።

የድንጋይና የጭቃ ቤት በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ከዝናብ በፊት ጣራው ይታያል፤ የተሰነጠቀው ይለሰናል፤ ግድግዳው ኖራ ይቀባል። ሥራው ርካሽ ነው፤ ካልተሠራ ግን ቤቱ አይሰነብትም። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሰው ከዚህ ድካም ለመገላገል ብሎ ግድግዳውን በሲሚንቶ ይለስናል። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ታዲያ ምን ክፋት አለው?

ክፋቱ እንዲህ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከመሬትም ከዝናብም እርጥበት ይስባል። የጭቃና የኖራ ልስን ከሆነ እርጥበቱ በልስኑ ውስጥ አልፎ በፀሐይ ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። ላስቲክ ጫማ ለብሶ የዋለ እግር እንዴት እንደሚረጥብ ታውቁ የለ? ግድግዳውም እንደዚያው ነው። ከውጭ ደረቅ መስሎ ውስጡ ይረሰርሳል። ጭቃው ይላላል፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ በመጨረሻም ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። ሰዉ ይህን አይቶ «አሮጌ ቤት አይረባም» ይላል፤ እኔ ግን የሲሚንቶው ጥፋት ይመስለኛል።

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ይህ ለአገር ክብር ነው። ሆኖም ቅርስ ነው ተብሎ እናት በጭስ ታፍና ትኑር፣ ልጅ ያለ ሽንት ቤት ይደግ ማለት አይገባም። ሰው የሚኖርበት ቅርስ ነዋሪው ሲሄድ ባዶ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ቧንቧም፣ መብራትም፣ ሽንት ቤትም ያስፈልጋል። ብቻ አገባቡ ላይ ነው ነገሩ። ቧንቧ ሲገባ የሚደፋው ውኃ ይበዛል። መውረጃ ካልተሠራለት ከመሠረቱ ሥር ይሰርግና የጎረቤትንም ግድግዳ ይዞ ይወርዳል። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ናቸው ብለን የለ? ስለዚህ የአንዱ ውኃ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይመካከር የሚሠራ አይደለም።

ሐረር የሄዳችሁ እንደሆነ በጠባቡ መንገድ ስታልፉ የግድግዳውን ታች ተመልከቱ። ከመሬት እስከ ጉልበት ጠቆር ያለ እርጥበት ካያችሁ፣ ውኃ ከሥሩ አለ ማለት ነው። የእናንተንም ቤት እንዲሁ እዩት። ከጣራ የሚወርደው ውኃ ግድግዳው ሥር የሚያርፍ ከሆነ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ቦይ ቆፍሩ፤ ቦዩም ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ ቁልቁለቱ ይውረድ። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ዝናቡ ሳይገባ ነው።