ዝም ያለው ልጅ፦ ወጣት አጥፊዎችና የተሐድሶ ፍትሕ



ንግግሬን በአንድ ትዝታ ልጀምር። ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ በአንድ የገጠር ቀበሌ የሽምግልና ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የጎረቤቱን የእህል ክምር አቃጥሏል። አባቱ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ተንበረከከ፤ ካሳ ተቆረጠ፤ እርቅ ወረደ፤ ሽማግሌዎቹም መረቁ። ልጁ ግን ከዛፉ ጥላ ውጭ ለብቻው ቆሞ ነበር። «ለምን አቃጠልክ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም። በዓመቱ አገሩን ጥሎ መሄዱን ሰማሁ። ሁለቱ ቤተሰቦች ታርቀዋል፤ ልጁ ግን ከማንም ጋር አልታረቀም።

የተሐድሶ ፍትሕ የምንለው አስተሳሰብ ጥያቄውን ከዚህ ይጀምራል። የተለመደው የወንጀል ፍትሕ «የትኛው ሕግ ተጣሰ? ቅጣቱስ ምንድን ነው?» ይላል። ይኸኛው ደግሞ «የተጎዳው ማን ነው? ምን ያስፈልገዋል? ጉዳቱን የመጠገን ግዴታስ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ኤልማይራ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት በ22 ሰዎች ንብረት ላይ ጉዳት አደረሱ። አንድ የአመክሮ ሠራተኛ ወጣቶቹ ከተበዳዮቹ ጋር ፊት ለፊት ይገናኙ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ዳኛውም በመጨረሻ ተስማሙ። ወጣቶቹ ቤት ለቤት እየሄዱ ጥፋታቸውን አመኑ፤ ኪሳራውንም ከፈሉ። ኒውዚላንድ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ሕግ፣ ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ ትምህርት ወስዳ፣ የቤተሰብ ጉባኤን የወጣቶች ፍትሕ ዋና ምሰሶ አደረገችው። በጉባኤው ወጣቱ፣ ቤተሰቡ፣ ተበዳዩና ፖሊስ ይቀመጣሉ። ቤተሰቡ ለብቻው የሚመክርበት ጊዜም ይሰጠዋል። ግድያ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው።

ወደ እኛ ሕግ እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል አይጠይቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ላሉት የተለዩ እርምጃዎችን ደንግጓል፤ ተግሣጽ፣ በጥበቃ ሥር ማስተማር፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ማቆየት፣ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ማስገባት ከእነዚህ ይገኙበታል። አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው ልጅ ግን፣ ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም፣ የሚዳኘው እንደ አዋቂ ነው። የተዘረዘሩት እርምጃዎች በልጁ ላይ የሚፈጸሙ ናቸው። ልጁ ራሱ ለተበዳዩ የሚያደርገው ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«ሽምግልና አለን፤ ከውጭ ምን እንማራለን?» የሚሉ አሉ። እኔም በሽምግልና እኮራለሁ። ይሁን እንጂ ሽምግልናችን የሚያስታርቀው በአብዛኛው ቤተሰብን ከቤተሰብ ጋር ነው። በታላላቆች ፊት ልጅ አይናገርም። ተበዳዩም ቢሆን የሽማግሌ ቃል መግፋት ነውር ስለሆነበት ብቻ ይቅር ሊል ይችላል። ከሁሉ የከፋው፣ የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በሁለት አባቶች መካከል በካሳ ሲዘጋ ነው። ያ እርቅ ሊባል አይገባውም፤ በደሏን መቅበር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አጥብቄ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ወጣቱ በራሱ አንደበት ይናገር፤ ያላመነውን ጥፋት እንዲያምን ግን አይገደድ። ሁለተኛ፣ ተበዳዩ «አልገናኝም» የማለት መብቱ ይከበር። ሦስተኛ፣ ስምምነቱን ፍርድ ቤት ይመርምረው፤ ከባድ ወንጀሎችም በዚህ መንገድ አይዘጉ።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ነገ ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግና ጠበቆች ትሆናላችሁ። አንድ ቀን መዝገብ ከፍታችሁ የአንድ ልጅ ስም ታነባላችሁ። ከአንቀጹ በፊት ልጁን ጠይቁት። እኔ በዚያች ቀን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።